እያንዳንዱ ምት ስንት ያወጣል?

ጎልፍ ተጫውቶ የጨረሰ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው አንድ ካርድ ነው። በካርዱ ላይ የአሥራ ስምንቱ ጉድጓዶች ቁጥሮችና አንድ ድምር ሰፍረዋል። 88 መታሁ፣ 92 መታሁ ብለን፣ ደስ ብሎን ወይም ከፍቶን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ካርዱ ግን ስንት ጊዜ እንደመታን እንጂ የትኛው ምት እንዳከሰረን አይናገርም። የቀኑን ሽያጭ ድምር ብቻ አይቶ ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ ከስኳሩ ይሁን ከዘይቱ እንዳተረፈ አያውቅም፤ ድምሩን ብቻ የሚያይ ተጫዋችም በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን መለማመድ እንዳለበት አያውቅም። ስለዚህ የሚወደውን ይለማመዳል። የምንወደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞውንም የምንችለውን ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ በፖቶማክ ወንዝና በዋሽንግተን ቻናል መካከል ባለው ደልዳላ መሬት ላይ፣ ኢስት ፖቶማክ የሚባል የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ አለ። ጨዋታውን የለመድኩት እዚያ ነው። ለብዙዎቻችን ኢትዮጵያውያን ጎልፍ በልጅነታችን ያልነበረ፣ ካደግን በኋላ ያገኘነው ጨዋታ ነው። በልጅነቱ የጀመረ ሰው በሰውነቱ የሚያውቀውን እኛ በምክር ነው የተማርነው፤ ምክር ሰጪ ደግሞ ሜዳ ላይ አይጠፋም። በብዛት የሰማሁት ምክር፣ ከቲ የሚመታው ረጅም ምት ለታይታ ነው፣ ጨዋታው የሚወሰነው ፓት ላይ ነው የሚለው ነው። ለረጅም ዘመን የጎልፍ ዓለም ይህን እንደ ሃይማኖት ይዞት ኖሯል። በመረጃ ሲፈተሽ ግን አልቆመም፤ ለምን እንዳልቆመ ማወቅ ለአንድ ተራ ተጫዋች ከማንኛውም አዲስ ዱላ የበለጠ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልበል። ኳሷ መጀመሪያ የምትመታው ቲ ከሚባለው መነሻ ነው። ሣሩ አጥሮ የታጨደው ሰፊ መንገድ ፌርዌይ፣ ከሱ ግራና ቀኝ ያለው ረዘም ያለ ሣር ራፍ ይባላል። ጉድጓዱ ያለው ሣሩ ከሥሩ በተከረከመው ግሪን ላይ ነው፤ እዚያ ሲደረስ ኳሷን በፓተር እያንከባለሉ ማስገባት ነው፤ ይህ ምት ፓት ይባላል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጠንቃቃ የሚባል ተጫዋች ሦስት ነገር ይቆጥር ነበር፦ ስንት ፌርዌይ እንዳገኘ፣ ስንት ግሪን በተገቢው ምት እንደደረሰ፣ ስንት ፓት እንደመታ። ሦስቱም ለመቁጠር ይመቻሉ፤ ሦስቱም ያሳስታሉ። ሁለት ሰዎች አንድ ግሪን ላይ እንዳሉ እናስብ። አንደኛው ከሩቅ መትቶ ግሪኑ ላይ አሳርፏል፤ ኳሱ ከጉድጓዱ 40 ጫማ ይርቃል፤ በሁለት ፓት ጨረሰ። ሁለተኛው ግሪኑን ስቶ ዳር ላይ ወደቀበት፤ ዌጅ በሚባለው የአጭር ርቀት ዱላ ለስለስ አድርጎ አንስቶ 3 ጫማ ላይ አስቀመጣትና በአንድ ፓት አስገባት። በአሮጌው ቆጠራ ፓት የሚያውቀው ሁለተኛው ነው። ይሁን እንጂ ከ3 ጫማ የዓለም ምርጥ ባለሙያዎች ከመቶው 96ቱን ገደማ ያስገባሉ፤ ያቺን ማስገባት ግዴታ ማለት ይቻላል። ከ40 ጫማ ግን እነዚሁ ባለሙያዎች በአማካይ 2.06 ፓት ያስፈልጋቸዋል። በሁለት የጨረሰው ሰው ባለሙያዎቹን በጥቂቱ በልጧል። ሁለተኛውን ያዳነው ዌጁ ነበር፤ ቆጠራው ግን የዌጁን ሥራ ለፓተሩ ሰጠበት። ያ ሰው ካርዱን አይቶ፣ ፓቴ ጥሩ ነው፣ ፓት መለማመድ አያስፈልገኝም ብሎ ቢወስን ማን ይፈርድበታል?

ይህን ችግር ከሥሩ የነቀለው ማርክ ብሮዲ ነው። ብሮዲ በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሲሆን ሙያው የፋይናንስ ስሌት ነው። የአሜሪካው የባለሙያዎች ውድድር ፒጂኤ ቱር፣ ሾትሊንክ በሚባል ሥርዓት በአብዛኞቹ ውድድሮቹ የእያንዳንዱን ተጫዋች የእያንዳንዱን ኳስ ማረፊያ በጨረር መለኪያ እየለካ መመዝገብ ጀምሮ ነበር። ብሮዲ ይህን የሚሊዮኖች ምት መዝገብ ይዞ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፦ ከዚህ ቦታ፣ ከዚህ ርቀትና ከዚህ ሣር ላይ ተነስቶ አንድ ባለሙያ ኳሷን ለማስገባት በአማካይ ስንት ምት ይፈልጋል? መልሱ ለሜዳው ቦታ ሁሉ ዋጋ አወጣለት። ቱሩ ስሌቱን በፓት ላይ በይፋ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ «ኤቭሪ ሾት ካውንትስ» የተባለው የብሮዲ መጽሐፍ ደግሞ በ2014 ወጣ። ስሌቱ ስትሮክስ ጌይንድ ይባላል።

አንድ ጉድጓድ ወስደን እስከ መጨረሻው እንሂድበት፤ ነገሩ የሚገባው በሒሳቡ ሲያልፉ ነው። ጉድጓዱ ከቲ 400 ያርድ ይርቃል። ከዚያ ርቀት የባለሙያዎቹ አማካይ 3.99 ነው። ድራይቨር በሚባለው ረጅም ዱላ መትተን ኳሷ ፌርዌይ ላይ አረፈች፤ 140 ያርድ ቀረን። ከፌርዌይ 140 ያርድ አማካዩ 2.91 ነው። ከ3.99 ወደ 2.91 ወረድን፤ 1.08 ምት የሚያህል መንገድ በአንድ ምት ሄድን ማለት ነው። ትርፋችን 0.08። ቀጥሎ አይረን በሚባለው የመካከለኛ ርቀት ዱላ መትተን ከጉድጓዱ 20 ጫማ አስቀመጥናት። ከ20 ጫማ አማካዩ 1.87 ስለሆነ፣ 2.91 ሲቀነስ 1.87፣ ሲቀነስ 1፣ ትርፉ 0.04 ነው። ፓቱን ስንመታ ኳሷ አጥራ 3 ጫማ ላይ ቆመች። ከ3 ጫማ አማካዩ 1.04 ነው፤ እዚህ ላይ 0.17 ከሰርን። የመጨረሻዋን አስገባን፤ 0.04 አገኘን። ትርፍና ኪሳራው ሲደመር ከዜሮ በ0.01 ያንሳል፤ ልክ በ3.99 እና በመታነው 4 መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዲት ምት ሳትጠፋ፣ አንዲትም ሁለቴ ሳትቆጠር ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ።

በካርዱ ላይ ይህ ጉድጓድ 4 ተብሎ ያልፋል፤ አራቱም ምቶች እኩል ናቸው። በዚህ ስሌት ግን ሦስቱ በጥቂቱ ያተረፉ፣ አንዱ ያከሰረ እንደነበሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያው ድራይቨር ሃያ ያርድ አልፎ ራፍ ውስጥ ገብቶ ቢሆን 120 ያርድ ይቀረን ነበር፤ ከራፍ 120 ያርድ አማካዩ 3.08 ነውና 0.09 እንከስር ነበር። ሣሩ የሚያስከፍለው ዋጋ በቁጥር መታወቁ ድራይቨር ልምታ ወይስ አጠር ያለ ዱላ ልያዝ የሚለውን የዘወትር ክርክር ከስሜት አውጥቶ ወደ ሒሳብ ያመጣዋል።

ብሮዲ ይህን ሁሉ ደምሮ ሲያየው የቆየው እምነት ተገለበጠ። በጥሩና በደካማ ተጫዋች መካከል ካለው ልዩነት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመጣው ከ100 ያርድ ውጭ ከሚመቱት ረጅም ምቶች ነው፤ አጫጭር ምቶችና ፓት የቀረውን አንድ ሦስተኛ ይካፈላሉ። ታይገር ዉድስን አስቡት። በ2008 ቤይ ሂል ላይ በመጨረሻው ግሪን ረጅሙን ፓት አስገብቶ ሲያሸንፍ ያየ ሰው ታይገር ማለት ፓት ነው ቢል አይፈረድበትም። ፓቱ በእርግጥ ድንቅ ነበር። ግን የብሮዲ ስሌት ታይገር ከባልደረቦቹ በብዛት ያተረፈው ወደ ግሪን በሚመቱት የአይረን ምቶቹ እንደሆነ አሳየ። ፓቱ ሲገባ እናጨበጭባለን፤ ከሩቅ ተነስታ ለዚያ ፓት ያበቃችውን ምት ግን እንረሳታለን።

ስለ ፓት ካነሳሁ አይቀር፣ ለብዙ ሰው እፎይታ የሚሰጥ አንድ ቁጥር ልናገር። ከ8 ጫማ፣ ማለትም ከሁለት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ባለሙያዎች የሚያስገቡት ግማሹን ብቻ ነው። ከ20 ጫማ ደግሞ ከመቶው 15 ገደማ። ይህን ለሰው ስነግር ብዙ ጊዜ አያምነኝም፤ ቴሌቪዥኑ በየሳምንቱ የሚያሳየን በዚያን ቀን ኳስ የሚገባለትን ሰው ስለሆነ። አርባኛ የወጣው ባለሙያ ከ8 ጫማ ሲስት ካሜራ አይከተለውም። ከ8 ጫማ በሳተ ቁጥር የሚናደድ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ቁጥር ስጡት። ንዴቱ ወደሚቀጥለው ቲ ተከትሎት እየሄደ የሚያስከፍለው ከፓቱ ይበልጣል።

የራሴን መዝገብ የምይዝበት መንገድ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ምት ሁለት ነገር እጽፋለሁ፦ ምን ያህል ርቀት ቀርቶኝ እንደነበርና ኳሷ በምን ላይ እንደተቀመጠች። ፌርዌይ፣ ራፍ፣ አሸዋ፣ ግሪን። የምቱ ማረፊያ የሚቀጥለው ምት መነሻ ስለሆነ ሌላ መጻፍ አያስፈልግም። በዱላው ጫፍ ላይ የሚሰካ መከታተያ የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ፤ አርኮስና ሾት ስኮፕ በሰፊው የታወቁ ናቸው፤ ስልካችሁ ላይ ሁሉን ያወጡላችኋል። ጥሩ ናቸው። እኔ ግን ለጀማሪ እርሳስና ትንሽ ደብተር እመርጣለሁ፤ ርቀቱን በራሱ እጅ የጻፈ ሰው ቁጥሩ ይገባዋል። ወደ ጉድጓዱ ስንሄድ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ስሌቱን ቤት ገብቼ ነው የምሠራው። ሜዳ ላይ ትርፍና ኪሳራ ማስላት ጨዋታውን ይገድለዋል፤ አብሮ የሚጫወተውንም ሰው መበደል ነው።

ከመዝገቡ ሁሉ የምወደው ግን ሌላ ወረቀት ነው። በባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት መሃል ላይ ትንሽ መስቀል አደርጋለሁ፤ መስቀሉ ያነጣጠርኩበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ ካሬ 5 ያርድ ነው። በሰባት አይረን (የአይረኑ ቁጥር ሲያንስ ርቆ ይመታል) የመታሁት ኳስ ሁሉ የት እንደወደቀ ነጥብ አደርግለታለሁ። መጀመሪያ ነጥቦቹ እዚህም እዚያም የተበተኑ ይመስላሉ። እየበዙ ሲሄዱ ቅርጽ ይወጣቸዋል። በቀኝ እጅ የሚመታ ተራ ተጫዋች ከሆናችሁ ቅርጹ ብዙውን ጊዜ ያዘመመ እንቁላል ነው፦ ወደ ቀኝ የሄዱት አጥረው፣ ወደ ግራ የሄዱት ረዝመው ይወድቃሉ። የእንቁላሉ መሃል ደግሞ መስቀሉ ላይ አይደለም፤ ከመስቀሉ በታች ነው። አብዛኞቻችን ዱላችን ይደርሳል ብለን የምናስበውን ርቀት የምንወስደው ከአማካዩ ሳይሆን በሕይወታችን ካማረችው ምት ነውና ኳሳችን ያጥራል።

አብረን የምንጫወት አንድ ታላቅ ሰው አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ጉድጓዱን የሚያመለክተው ባንዲራ በግሪኑ ቀኝ ጥግ ተተክሎ፣ ከባንዲራው ቀኝ ውሃ ነበር። ጋሼ ሰባት አይረናቸውን አውጥተው ቀጥታ ወደ ባንዲራው ቆሙ።

«ጋሼ፣ ባንዲራውን ይተዉት። ወደ ግሪኑ ግራ ያነጣጥሩ፤ ስድስት ይያዙ።»

«ለምን ብዬ? በሰባት እኮ እደርሳለሁ። ቀጥ ብላ ስትሄድ አላየህም?»

«ቀጥ ብላ የሄደችውንማ ሁላችንም እናስታውሳለን። ነጥቦቹን ይዩአቸው።»

የሳቸውንም ወረቀት እይዝላቸው ነበርና አወጣሁት። ዝም ብለው አዩት። እንቁላሉን በግሪኑ ላይ ሲያስቀምጡት፣ መሃሉ ባንዲራው ላይ ከሆነ ከነጥቦቹ ሲሶ የሚሆኑት ውሃ ውስጥ ናቸው። መሃሉን ወደ ግራ አሥር ያርድ ሲያንሸራትቱት ውሃው ባዶ ይሆናል፤ ግሪኑ ይሞላል። ምንም ዓይነት የአመታት ለውጥ የለም፤ እጃቸው ያው እጃቸው ነው። የሚለወጠው የሚቆሙበት አቅጣጫና የሚይዙት ዱላ ብቻ ነው። ስድስት አይረን ያዙና ግራውን አነጣጠሩ።

በዚህ ወረቀት ላይ የማምነውን ያህል በሌላ በምንም አላምንም። የፒጂኤ ቱር ባለሙያዎች እንኳ ድራይቨር ሲመቱ ኳሶቻቸው ከ60 ያርድ በላይ ስፋት ባለው መሬት ላይ ይበተናሉ። እኛ ቅዳሜ ጠዋት የምንጫወት ሰዎች ጠባብ መስመር ላይ ለማሳረፍ ስናነጣጥር፣ ለባለሙያዎቹ እንኳ ያልተሰጠ ነገር ከራሳችን እየጠየቅን ነው። መበተኑን ተቀብሎ፣ የተበተነው ሁሉ ደህና ቦታ እንዲወድቅ መሃሉን ማስቀመጥ ይሻላል።

ሌላም ብዙ ሰው የማይቀበለው ነገር አለ። ግሪኑ በሁለት ምት የማይደረስበት ረጅም ጉድጓድ ላይ ብዙዎች ሆን ብለው ያሳጥራሉ፤ 100 ያርድ ይቅረኝ፣ የምወደው ርቀት ነው ይላሉ። በባለሙያዎቹ መዝገብ ከፌርዌይ 100 ያርድ አማካዩ 2.80 ነው። ከ60 ያርድ 2.70 ነው። እንዲያውም ከ40 ያርድ ራፍ ውስጥ 2.78 ነው፤ ከሚወደደው ከ100 ያርድ ፌርዌይ ይሻላል። አሸዋ ወይም ውሃ ካልከለከለ በስተቀር ቅርብ ይሻላል።

ቁጥር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ሰው ከ8 ጫማ በትክክል ግማሹን የሚያስገባ ነው እንበል። አሥር አሥር ጊዜ እየመታ ቢሞክር፣ ከሦስት ሙከራ በአንዱ ገደማ ወይ ሦስትና ከዚያ በታች ወይ ሰባትና ከዚያ በላይ ሲያስገባ ታዩታላችሁ። ሦስት ያስገባ ለት አዲስ ፓተር ሊገዛ ይሄዳል፤ ሰባት ያስገባ ለት ምስጢሩን አገኘሁት ይላል። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ስለዚህ አንድ ዙር ይዞ መፍረድ አይገባም፤ እኔ ወቅቱ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ፓቴ ምንም ውሳኔ አልወስንም። በረጅም ምቶች ላይ እውነቱ ቶሎ ይወጣል፤ ኳሷ ውሃ ውስጥ ገባች ወይስ አልገባችም የሚለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ።

የተጫዋችን አቅም በቁጥር የሚገልጸው ሃንዲካፕም በአግባቡ ከተነበበ ጥሩ መረጃ ነው። ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ከመጨረሻዎቹ 20 ውጤቶቻችሁ ምርጥ 8ቱን ወስዶ ያሰላል። ይህ ማለት ሃንዲካፓችሁ አማካያችሁን ሳይሆን በጥሩ ቀናችሁ የምትችሉትን ይናገራል ማለት ነው። አብዛኛው ቀን ከሱ በላይ ትመታላችሁ፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንት ሰው፣ ከአቅሜ በታች ነው የምጫወተው ብሎ ጨዋታውን ጠልቷል።

መዝገቡ የት እንደምንከስር ይነግረናል፤ ለምን እንደምንከስር አይነግረንም። የእኔ መዝገብ ኪሳራዬ በብዛት ከ150 እስከ 200 ያርድ ባሉት ምቶች እንደሆነ ካሳየኝ ቆይቷል። ኳሷ ለምን ወደ ቀኝ እንደምትሄድ ግን ከደብተሩ ሊወጣ አይችልም፤ ለዚያ አሠልጣኝ ወይም ራዳር ያስፈልጋል። የዴንማርኩ ትራክማንና መሰሎቹ ራዳሮች የዱላውን ፊትና መንገድ ይለካሉ። ከነሱ በፊት ብዙ መጻሕፍት ኳስ የምትነሳው ዱላው በሚሄድበት አቅጣጫ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ራዳሩ ኳሷ በአብዛኛው የዱላው ፊት ወደሚያይበት እንደምትነሳ አሳየ። ኳሱ ወደ ቀኝ የሚነሳበት ሰው ለዓመታት የዱላውን መንገድ ሲያርም ኖሮ የዱላውን ፊት ሳያይ ይቀራል። ደብተሩ ወደ ራዳሩ ይመራችኋል፤ ራዳሩ ወደ አሠልጣኙ። ደብተሩን ዘሎ ራዳር ስር የሚቆም ሰው በመቶ ቁጥሮች ይከበብና የትኛው ምቱ መታረም እንዳለበት ሳያውቅ ይወጣል።

በሁለት ሥራ መካከል ለጎልፍ በሳምንት አንድ ጠዋት የሚተርፈው ሰው በዙሪያዬ ብዙ ነው። ያ ሰው የመለማመጃ ባልዲውን ኳስ በሙሉ በድራይቨር መትቶ ሲሄድ ሳይ ያሳዝነኛል፤ ጊዜው ውድ ነው። እኔ አሁን ከባልዲው ከግማሽ በላዩን ለአምስትና ለስድስት አይረን ሰጥቻለሁ። ቀሪውን ለድራይቨርና ለ30 ጫማ ፓት እከፍለዋለሁ፤ 30 ጫማ የመረጥኩት ለማስገባት ሳይሆን ሁለተኛዋን ፓት ከ3 ጫማ ውስጥ ለማድረግ ነው። በዚህ ወቅት በደብተሩ ላይ አንድ አዲስ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ ነፋስ። ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት ሲሆን ረጃጅም አይረኖቼ የሚያጥሩት ነፋሱ ብቻውን ከሚያሳጥራቸው በላይ ይመስለኛል፤ ምናልባት ነፋሱን ለማሸነፍ ጠንክሬ ስመታ ኳሷ ይበልጥ እየዞረች ወደ ላይ ስለምትወጣ ይሆናል። ነጥቦቹ ገና ጥቂት ናቸው።